የቢላ የገበያ ቀን

ማክሰኞ፣ ሰኔ 24 ቀን 2017፤ ነቀምቴ

ኢስማኢል የገዛው ድምፅ ማጉያ ከዛሬ ጀምሮ ጠላቴ ነው። ስልክና ቻርጀር የሚሸጥ ሰው ይህ ሁሉ ጩኸት ምን ያደርግለታል? የእሱን ሱቅና የእኔን ጽሕፈት ቤት የሚለያቸው አንድ ቆርቆሮ ነው። ፎቶ ኮፒ ማሽኔ ራሷ ተረብሻ ሁለት ወረቀት አከታትላ ዋጠች። ሄጄ፣ «ወይ ቀንስ፣ ወይ ለጆሮዬ ኪራይ ክፈል» አልኩት።

«አይ ኦቦ ጋሩማ! ዘፈን ሰለቸን ብላችሁ ዕውቀት አመጣሁላችሁ።»

ዕውቀት የሚለው «አገር በእጅ» የሚባል ድረ ገጽ ነው። ስለየከተማው የተጻፈውን አንዲት የማሽን ሴት ታነበዋለች። ስታነብ አትተነፍስም። ስለ ሠርግም ሆነ ስለ ጎርፍ ታንብብ፣ ድምፅዋ ያው ነው።

ከሰዓት በኋላ ሲሬን ጨርሳ አኖ ደረሰች። «አኖ ስትደርስ ጫማህን አራግፍ፤ ከዚህ በኋላ ያለው አቧራ ሌላ ቀለም አለው» አለች።

የሰው መታወቂያ ኮፒ እያደረግኩ ነበር። ክዳኑን ሳልዘጋ ቆሜ ቀረሁ፤ ብርሃኑ ፊቴ ላይ ሄደ፣ መጣ። ይህ ዓረፍተ ነገር የወንድሜ የቶላ ነው። «ለመዝገብ የሚሆን አነጋገር አይደለም፣ አውጣው» ስለው፣ «ማን ያወጣዋል? ከእኔና ከአንተ ሌላ ማን ያነበዋል?» ብሎኝ ነበር።

ቶላ ከጠፋ ዘንድሮ አራተኛ ክረምቱ ነው።

ረቡዕ፣ ሰኔ 25

ድረ ገጹን ከፍቼ ቆጠርኩ። ሃያ ሦስት ከተማ። ሃያ ሦስቱም የቶላ ጽሑፍ ናቸው፤ አንድ ነጠላ ሰረዝ አልተነካም። ከእያንዳንዱ ሥር፣ «መብቱ የአገር በእጅ ነው፤ መቅዳት ክልክል ነው» ይላል። ሳቄ መጣ። የሰው ቤት ገብተው ከውስጥ ቆለፉና በሩ ላይ «ሌባ አይግባ» ብለው ጻፉበት።

ቶላ መናኸሪያ ትኬት ቆራጭ ነበር። አገር ዞሮ አላየም፤ አገሩ ግን በመስኮቱ ያልፍ ነበር። ለተሳፋሪው ትኬቱን ከመስጠቱ በፊት አንድ ጥያቄ አለው፦ ወንዛችሁ በየት በኩል ነው? ገበያችሁ መቼ ይውላል? ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ መልስ ከሰጡት፣ ከሥራ ሲወጣ እኔ ጋ መጥቶ በነፃው መዝገበ ዕውቀት ላይ ይጽፈዋል። አካውንቱን የከፈትኩለት እኔ ነኝ። እኔን ከስድስተኛ ክፍል በኋላ ያስተማረኝ የለም፤ ኮምፒዩተር የተማርኩት እያበላሸሁ ነው። እሱ የይለፍ ቃል ስለሚረሳ በዚህ ደብተር የኋላ ሽፋን ላይ ጽፌለታለሁ፤ ስልኩም እንዲያስታውስለት አድርጌ ነበር።

የመዝገቡ ሕግ ቀላል ነው። ማንም ይወስዳል፤ ቢፈልግ ይሸጣል። ግን የጻፈውን ሰው ስም ይጠራል፣ ዋናው ገጽ የት እንዳለ ያሳያል፣ የለወጠው ካለ ይናገራል፣ እሱ የወሰደውንም ሌላው በዚያው ፈቃድ እንዲወስድ ይተዋል። ሌላ ዋጋ የለውም። ያቺን ነው የነፈጉት።

ለሊሊሴ ደወልኩ። የቶላ ልጅ ናት፤ ሲሬ ታስተምራለች፣ ክረምቱን እዚህ እናቷ ጋ ናት። የአባቷ ወንድም ስለሆንኩ «አቤራ» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ፕሮፌሰር እላታለሁ።

«ፕሮፌሰር፣ አባትሽን ሰርቀውታል» አልኳት።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። «አባዬን?» አለች። ምነው ሌላ ቃል ቢመጣልኝ ኖሮ።

እሑድ፣ ሰኔ 29

ከጸሎት በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሐረግወይንን አገኘኋት፤ የቶላን ሚስት። «እንደምን አሉ፣ አቶ ጋሩማ» አለችኝ። ድሮ ቶላ «ጋሩ» ብሎ ሲጠራኝ እሷ ናት ከሁሉ በላይ የምትስቀው። አሁን አቶ ሆኛለሁ። አራት ዓመት ሙሉ ደጄን አልረገጠችም።

ነሐሴ 10 የመታሰቢያ ጸሎት እንዲደረግለት እሺ ብላለች። አስከሬን የለ፣ መቃብር የለ፤ እስከ ዛሬ ሽማግሌዎቹን እምቢ እያለች ትመልሳቸው ነበር።

ጃንጥላዬን ስዘረጋ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ያወራሉ።

«የላከው ይሄ አይደለም እንዴ?»

«ዝም በይ፣ ይሰማል።»

ሰማሁ።

ቤት ገብቼ የሲሬን ገጽ ከፈትኩና ድልድዩን ከከተማው ምሥራቅ አንሥቼ ምዕራብ አደረግኩት። በራሴ ስም ነው። ቶላ ስህተት አያሳድርም። እስኪ እናያለን።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 3

መብራት የለም። ዝናብ። የአንድ ተመራቂ ሠላሳ ገጽ ሳይታተም ዋለ፤ ሰደበኝ፣ እውነቱን ነው።

የሲሬው ድልድይ ወደ ቦታው ተመልሷል። በቶላ ስም። «ማስተካከያ» ይላል፣ ሌላ ቃል የለም። እንደ ሁልጊዜው ቁጥብ ነው።

ሐሙስን አልወደውም።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

ሊሊሴ ለድረ ገጹ አዘጋጅ ሦስት ጊዜ ጽፋለት ዛሬ በቴሌግራም መለሰላት። ጽሕፈት ቤት መጥታ አነበበችልኝ። «ከኢንተርኔት ያገኘነው ነው። ጸሐፊው አለሁ ካለ ራሱ ይጻፍልን» ይላል።

«ራሱ ይጻፍልን» ብላ ደገመችው።

«አንቺ ምን እንዲያደርጉልሽ ነው የምትፈልጊው?» አልኳት።

«ስሙን። ከጽሑፉ ሥር ስሙን ብቻ። አባዬ መቃብር የለውም፣ አቤራ። ስሙ የሚጻፍበት ሌላ ቦታ የት አለው?»

እንዲህ ስትለኝ ጎበዝ መሆን አማረኝ። «ዋናው ገጽ ላይ ‹ታሪክ› የሚል አለ፤ እሱን ተጫኚ። ማን፣ የትኛውን ቃል፣ በየትኛው ቀን እንደጻፈ አንድ ሳይቀር ተመዝግቧል። ያንን ላኪለት፣ አፉ ይዘጋል።»

«አንተኮ ሊቅ ነህ!»

«ሰባተኛ ክፍል ብገባማ አገር ይጠብ ነበር።»

ሳቀች። ከአባቷ የወረሰችው ሳቅ ነው፤ ትከሻዋ ቀድሞ ይስቃል። ወጥታ ከሄደች በኋላ ነው ያደረግኩት ነገር የገባኝ። ሮጬ መንገድ ላይ ደረስኩ። ባጃጁ ሄዶ ነበር።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12

መጣች። ጃንጥላ አልያዘችም፤ ውሃው ከፀጉሯ በወረቀቴ ላይ ይንጠባጠባል። ስልኳን ፊቴ አስቀመጠችው።

«አቤራ፣ ይህን ቀን አንብብልኝ።»

«ሐምሌ 3።»

«ዓመቱን።»

«2017።»

«ስሙን።»

አላነበብኩትም። እሷ አነበበችው። «ቶላ። ማስተካከያ። ከዘጠኝ ቀን በፊት! ወደ ታች ሂድ፤ ሚያዝያ ላይ አለ፣ ጥር ላይ አለ፣ አምናም አለ። አራት ዓመት ሙሉ ያንተን ስህተት እያረመ ነው። አንተ አላየህም?»

እዚያ ላይ መናገር ነበረብኝ። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሷል። እኔ ግን፣ «ኢንተርኔት አንዳንዴ ይዘገያል፤ የድሮ ነገር አሁን ይደርሳል» አልኳት። ደብዳቤ ይመስል! ፊቴን ትኩር ብላ አየችኝና አዘነችልኝ። ያስደነገጠኝ ደስታ መሰላት።

«ለእማዬ ነግሬያታለሁ» አለችኝ ስትወጣ።

«ምን አለች?»

«አንሶላ እያጠፈች ነበር፤ ማጠፏን ቀጠለች።»

ሰኞ፣ ሐምሌ 14

ለማንም ያልነገርኩትን እዚህ ልጻፈው። ደብተሩም ቢሆን ይከብደዋል።

ከአራት ዓመት በፊት ቶላ፣ ከአኖ ወዲያ ስላለችው ስለ ቢላ ከተማ፣ «የቢላ ገበያ ሐሙስ ይውላል» ብሎ ጻፈ። እኔ «ቅዳሜ ነው» አልኩት። አውቄ አይደለም፤ ላናድደው ነው። «ሁለት ሰው ነግሮኛል» አለ። «ሁለቱም ከሚስቶቻቸው ለመሸሽ ዋሽተውህ ይሆናላ! አንተ ቢላን አይተሃት ታውቃለህ? አገር የምታውቀው በትኬት መስኮት ነው» አልኩት። ሰው ተሰብስቦ ነበር፤ ሳቁበት። እሱም ሳቀ። በማግስቱ ሐሙስ ለራሱ ትኬት ቆረጠ። ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ስለነበር ቤት ጥሎት ሄደ። አኖ ወርዶ የቢላ መኪና ሲጠብቅ ያዩት አሉ። ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። ጊዜውም ሰው የሚጠየቅበት ጊዜ አልነበረም።

ቶላ በሕይወት ካለ ስህተት አይቶ አያልፍም አልኩ። ስለዚህ በገጾቹ ላይ ስህተት እጥል ጀመር። አንድ ወንዝ አዞራለሁ፣ የአንድ ትምህርት ቤት ዓመት እለውጣለሁ። ከዚያ እጠብቃለሁ። መጀመሪያ አንድ ወር ጠበቅኩ። ማንም አልመጣም። ስህተቱ እዚያ ሲውል ሲያድር ማየት አቃተኝ፤ የኋላውን ሽፋን ገልጬ በእሱ ስም ገባሁና አረምኩት። ሲታይ ልክ እንደ ድሮው ሆነ። ጋሩማ ያበላሻል፣ ቶላ ያቃናል። ሁለቱንም ወገን እየተጫወትኩ አራት ዓመት ኖርኩ። የሲሬውንም ያረምኩት እኔው ነኝ፤ መብራት በሌለበት፣ በስልኬ።

የድረ ገጹን ሰውዬ ሌባ ብዬዋለሁ። እሱ የጻፈውን ሰው ስም ሸሸገ። እኔ የራሴን እጅ በወንድሜ ስም ፈረምኩ። የትኛችን እንደምንብስ ለመፍረድ የምመች ሰው አይደለሁም።

ቁጭ ብዬ ቆጠርኳቸው። የጣልኩት ስህተት አሥራ አንድ ነው። በቶላ ስም የታረመውም አሥራ አንድ። ያረምኩባቸውን ቀኖች ሳስታውስ ግን አሥር ይሆኑብኛል። የ2015 ፋሲካ ሰሞን የታረመውን አላስታውሰውም። ያን ሳምንት ታይፎይድ ይዞኝ አልጋ ላይ ነበርኩ። በትኩሳቱ ውስጥ አድርጌው ይሆናል። አድርጌው ነው።

እሑድ፣ ሐምሌ 20

ሊሊሴ አሸነፈች። የድረ ገጹ ሰውዬ ይቅርታ ጠይቆ «መቅዳት ክልክል ነው» የሚለውን አነሣ። አሁን ከእያንዳንዱ ከተማ ሥር የጸሐፊው ስም፣ የዋናው ገጽ አድራሻና ፈቃዱ አሉ። እንዲያውም ሕጉ ከጠየቀው በላይ ጨመረ፤ የመጨረሻው እርማት በማንና መቼ እንደተደረገ ጻፈ።

የማሽኗ ሴት ይህንንም ታነበዋለች። ዛሬ በቆርቆሮው በኩል፣ «ጸሐፊ፣ ቶላ። የመጨረሻ እርማት፣ ቶላ፣ ሐምሌ ሦስት ቀን ሁለት ሺህ ዐሥራ ሰባት» አለች። ትንፋሽ የሌላት ሴት የወንድሜን ስም መንገድ ላይ ጠራች። ቲማቲም የሚሸጡት ሴቶች ቀና አሉ። አንዷ ገብታ እጄን ይዛ፣ «ገለታ ለጌታ! አለ አሉኮ!» አለችኝ። ከእሷ በኋላ ስድስት ሰው መጣ። ስድስቱንም አመሰገንኩ።

ኢስማኢል ሲዘጋ ሻይ ይዞልኝ መጣ። «ሐረግወይን መጥታ ነበር፤ ያችን የድሮዋን ቀጭን አፍ ቻርጀር ገዛች። አሁን ማን ይጠቀምባታል? ሦስት ዓመት መደርደሪያ ላይ ነበረች።»

«ለአሮጌ ነገር አሮጌ ዋጋ አስከፍላት» አልኩት። ስለ ቻርጀር ማውራት ቀለለኝ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 23

ሊሊሴ የመታሰቢያ ጸሎቱ እንዲቀር ትፈልጋለች። «በሕይወት ላለ ሰው?» ትላለች። ነሐሴ 1 ሐሙስ፣ በመጀመሪያው መኪና ወደ አኖ፣ ከዚያ ወደ ቢላ ልትሄድ ነው። የአባቷን ፎቶ እኔው ጋ መቶ ቅጂ አሳተመች። ያንኑ መንገድ፣ ብቻዋን፣ በዚያው ቀን። ቅጂዎቹ ከማሽኑ ሲወጡ ሞቀው ነበር። መቶ ጊዜ አየኝ።

«ለእናትሽስ?»

«እማዬ ‹አቶ ጋሩማ ምን አሉ?› ብላ ትጠይቀኛለች። ሌላ አትናገርም።»

«ምን አልሻት?»

«ደስ ብሎታል አልኳት።»

አንድ ዘዴ መጣልኝ። የቢላን ገጽ አራት ዓመት ነክቼው አላውቅም። ዛሬ በስሜ ገብቼ ሐሙስን ቅዳሜ አደረግኩት። አላርመውም። ሊሊሴ ትጠብቃለች፤ አባቷ ይህን ስህተት ካላረመ ምንም አያርምም። ተስፋዋ በራሱ ጊዜ ይወድቃል፤ እኔም አፌን ሳልከፍት እተርፋለሁ። ጋሩማ ሁልጊዜ መውጫ ቀዳዳ አያጣም።

ዓርብ፣ ሐምሌ 25

ምንም የለም። ቅዳሜ ይላል። ሊሊሴ በየሰዓቱ ታያለች።

እሑድ፣ ሐምሌ 27

ምንም። ፊቷ ትንሽ ጠቁሯል። እየሠራ ነው። ይህን ስጽፍ ራሴን ጠላሁት።

ሰኞ፣ ሐምሌ 28

ስድስት ሰዓት ላይ ገጹን ከፈትኩ። የቢላ ገበያ ሐሙስ ይውላል። በቶላ ስም፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል።

ማብራሪያው ላይ፣ «አይ ጋሩ፣ ሐሙስ ነው» ይላል።

እኔ አይደለሁም። በዚያ ሰዓት ለማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ እየተየብኩ ነበር፤ የእነሱ ጸሐፊ አጠገቤ ቆማ ነበር። የኋላውን ሽፋን አየሁ፤ የይለፍ ቃሉ እዚያው ነው፣ ደብተሩን ማንም አልነካውም። ጋሩ የሚለኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ፎቶ ኮፒዋን አጠፋኋት፤ ቤቱ ውስጥ የሚተነፍስ ነገር እንዳለ ለመስማት። ከቆርቆሮው ማዶ ሴትዮዋ ስለ ባኮ ታነባለች።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 29

የይለፍ ቃሉን ልቀይረው ተነሣሁ። ብቀይረው ያ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ዳግመኛ መግባት አይችልም። ገጹ ተከፍቶ፣ ጣቴ ቁልፉ ላይ፣ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ተቀመጥኩ። አልቀየርኩትም። ቶላ ደጅ ቆሞ እኔ የምቆልፍበት መሰለኝ።

እንደዚህ የማስብ ሰው አልነበርኩም። ሌላው ሲያስብ የምስቅበት ሰው ነበርኩ።

የ2015ቱን ፋሲካም አስባለሁ። አሥር ነበር ያረምኩት።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 30

ሊሊሴ አየችው። ጽሕፈት ቤት ገብታ አንገቴን አቀፈችኝ።

«አባዬ ብቻ ነው ጋሩ የሚልህ። ሌላ ማን አለ? በል ንገረኝ፣ ማን አለ?»

«ሌላ የለም» አልኳት። እውነቴን ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ የነገርኳት አንድ እውነት ይቺ ናት፣ የማትጠቅመዋ።

«እናትሽስ አየችው?»

«አሳየኋት። ‹ነገ ከመሄድሽ በፊት አጎትሽን ሳትሰናበቺ እንዳትወጪ› አለችኝ። ምን ነካት? ስምህን አታነሣም ነበርኮ።»

መኪናው ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት ይነሣል።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 1

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት። ጉም ወርዷል፤ ከመስኮቴ የጎረቤት አጥር አይታይም።

ለሊሊሴ የምሰጣት ወረቀት ስጽፍ ነበር። ሦስት ቀደድኩ። የመጀመሪያው ላይ ቀልድ ገባብኝ። ሁለተኛው ላይ «ለአንቺ ብዬ ነው» የሚል ውሸት ገባብኝ። ሦስተኛው ላይ ሁሉንም በትክክል ጻፍኩና ከሥር መፈረም አቃተኝ። አራት ዓመት በሰው ስም የፈረመ እጅ የራሱን ስም ረስቷል። አራተኛው ይኸው አጭር ነው፦ «ሊሊሴ፣ እርማቶቹ የእኔ ናቸው። አባትሽ አይደለም። ወደ ቢላ የላክሁትም እኔ ነኝ፣ በቀልድ። የሰኞውን ማን እንደጻፈው አላውቅም። አትሂጂ። ጋሩማ።»

ፈረምኩ። መናኸሪያ ሄጄ እሰጣታለሁ። ከመኪናው በፊት እደርሳለሁ።

ጫማዬን እያሰርኩ የውጪው በር ሲንኳኳ ሰማሁ። ሦስት ጊዜ፣ ቀስ ብሎ። በዚህ ሰዓት እዚህ ቤት የሚመጣ ሰው የለም። ኢስማኢል ቢሆን ይጮሃል። ሊሊሴ ብትሆን ትደውላለች።

ወደ በሩ ሄድኩ፤ አልከፈትኩም። ተመልሼ ይህን እጽፋለሁ፤ እጄ ሌላ የሚሠራው አጣ። በሩ ሥር ባለው ክፍተት ሰማያዊ ብርሃን ይታያል፤ የስልክ ብርሃን ነው፣ ደካማ፣ እንደ ድሮ ስልኮች።

«ጋሩ» አለ ከውጪ።

የሴት ድምፅ ነው። ትንፋሽ ያለው፣ ዳገት የወጣ ሰው ትንፋሽ። አራት ዓመት አቶ ሲለኝ የኖረ ድምፅ።

«ጋሩ፣ የቶላ ስልክ እጄ ላይ ነው። ልጄ ሻንጣዋን ይዛ አጠገቤ ቆማለች። እኔ አልነገርኳትም፤ አንተ እስክትነግራት ጠበቅኩህ። ዛሬ ሐሙስ ነው። ክፈት።»

ወረቀቷን አነሣኋት። ልከፍት ነው